ድጋፉ ከልጁ ጋር ይደግ

ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የእግር ድጋፍ፣ ክራንች ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ማግኘት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ጉዞ መጨረሻ ይቆጠራል። ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጌዶ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ለአውቶቡስና ለማደሪያ ከፍሎ ዕቃው እጅ ሲገባ «ተመስገን፣ ተገላገልን» ይባላል። ይሁን እንጂ ከአንድ ዓመት በኋላ ያው ዕቃ ከአልጋ ሥር ተወሽቆ ወይም ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ልጁም እንደ ቀድሞው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወይም ከደጃፍ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ «አመመው፣ ስለዚህ አወለቅንለት» የሚል ነው።

ልጁ አደገ፤ ዕቃው ግን አላደገም። ነገሩ ይኸው ነው።

በዛሬው አምዳችን ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የአካል ጉዳተኛ መርጃ መሣሪያ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ስጦታ አይደለም። ከሰውየው አካል፣ ከኃይሉ፣ ከሥራውና ከሚኖርበት መንገድ ጋር በየጊዜው እየተስማማ መሄድ ያለበት ነገር ነው። ይህን የማስማማት ሥራ ደግሞ ከሐኪሙና ከባለሙያው ባልተናነሰ የምትሠራው በቤት ውስጥ ያለችው እናት ናት።

በምሕንድስና ቋንቋ ራሱን የሚያስማማ ቁጥጥር የሚባል አሠራር አለ። ስሙ የከበደ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። እንጀራ የምትጋግር ሴት አንድ ጊዜ እሳት አንድዳ ዞር አትልም። የእንጀራው ዓይን አልወጣ እንደሆነ እሳት ትጨምራለች፤ ከሥሩ ካረረ እንጨቱን ሳብ ታደርጋለች። ታያለች፣ ታመዛዝናለች፣ ታስተካክላለች፤ በሚቀጥለውም እንጀራ እንደገና ታያለች። መሐንዲሶችም ለመሣሪያዎቻቸው ለማስተማር የሚደክሙት ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኔቪል ሆጋንና ኸርማኖ ኢጎ ክሬብስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በስትሮክ ምክንያት እጃቸው ለከዳቸው ሰዎች መለማመጃ የሚሆን ሮቦት ሠርተው በሆስፒታል ሞክረዋል። በሽተኛው እጁን ወደ አንድ ነጥብ ለመዘርጋት ሲሞክር ሮቦቱ ይከታተለዋል፤ ሲያቅተው ይደግፈዋል፤ ሲችል ግን ይተወዋል። እንዲሁም ኦቶ ቦክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲ-ሌግ የተባለ ሰው ሠራሽ እግር ለገበያ አቅርቧል። በዚህ እግር ጉልበት ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒዩተር የሰውየውን አረማመድ በሴኮንድ 50 ጊዜ እየለካች፣ ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን ጠንከር፣ በደልዳላ መንገድ ሲሄድ ላላ ታደርጋለች።

ስለ እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ስንጽፍ አንባቢያችን «ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። የአንዱ ኮምፒዩተር ያለው እግር ዋጋ ለአንድ ሠራተኛ የብዙ ዓመት ደመወዝ ነውና። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ መርጃ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ግን እንደማያገኙ ተገልጿል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ከሮቦት አስቀድሞ መነጽር፣ ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበርና ማዳመጫ አሉበት።

ሆኖም ከእነዚያ ውድ መሣሪያዎች ያለ አንዳች ክፍያ የምንወስደው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሮቦቱ ሥራውን ሁሉ ራሱ ሲሠራው በሽተኛው ሳይታወቀው ጥረቱን ይቀንሳል፤ ሰውነቱ መረዳትን ይለምድና ይሰንፋል። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ የሚባለው የጎደለውን ያህል ብቻ የሚረዳው፣ ኃይል ሲመለስም እርዳታውን እየቀነሰ የሚሄደው ነው።

ይህ ትምህርት በቀጥታ ወደ ቤታችን ይገባል። በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የደከመ አባት ወይም አማት ባሉበት ቤት፣ ፍቅር የተሞላች ልጅ ወይም ምራት ሸሚዛቸውን ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፣ ፊታቸውን ታጥባለች። ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን አባት የሸሚዙን እጅጌ ራሳቸው አስገብተው ቁልፉን ብቻ ካልቻሉ፣ መርዳት የሚገባው ቁልፉን ብቻ ነው። ነገ አንዱን ቁልፍ ከቆለፉ፣ ከዚያ ወዲያ የቀሩትን ብቻ መቆለፍ ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ማየቱም ያስጨንቃል። ዳሩ ግን እጃቸው የሚለመደው በእሳቸው ጥረት እንጂ በእኛ ፍጥነት አይደለም።

የጥረትን ነገር ካነሣን ሁላችንም የምናውቃቸውን ሰው እናስታውስ። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፉት ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰባቸው የመኪና አደጋ እግሮቻቸው ከእንቅስቃሴ ውጭ ሆኑ። መጀመሪያ ላይ እጃቸውም አልታዘዝ ብሎ ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስደው ለወራት ሲታከሙ የእጆቻቸውን ኃይል መልሰው አገኙ። በዚያ ሆስፒታል ስፖርት የሕክምናው አንድ ክፍል ነበር፤ ቀስት መወርወር የክንድንና የትከሻን ጡንቻ ያጠነክራልና። ሻምበል አበበም በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውድድር ተሳተፉ። በተከታዩ ዓመትም ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድረው አሸነፉ። የጠፋው ኃይል ባይመለስም የቀረው ኃይል እንዲሠራ መሣሪያው ተስማምቶላቸው ነበር።

በአገራችን ይህን የማስማማት ሥራ ከሚሠሩት ተቋማት አንዱ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምንና ሆለታን አልፈን መናገሻ ስንደርስ የቼሻየር የተሀድሶ ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዛዊው ሊዮናርድ ቼሻየር የበጎ አድራጎት ሥራ መነሻነት ሲቋቋም ዋና ዓላማው በፖሊዮ፣ ማለትም በልጅነት ልምሻ፣ የተጎዱ ልጆችን መርዳት ነበር። የአካል ድጋፍ መሥሪያ ክፍልና የፊዚዮቴራፒ አገልግሎትም አለው።

በየማዕከሎቻችን ከሚሠሩት ሰው ሠራሽ እግሮችና ድጋፎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ ነው። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የአካል ተሀድሶ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1979 ከጀመረ ወዲህ ይህ አሠራር በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ እርጥበት አይጎዳውም፤ በሙቀት ለስልሶ በሰውየው አካል ቅርጽ ይወጣል። ነገር ግን ኮምፒዩተር የለውም። ራሱን አይመረምርም፤ ራሱንም አያስተካክልም። ስለሆነም የኮምፒዩተሩን ሥራ ሰው ሊሠራው ግድ ነው። የምታየው ዓይን የእናት ናት፤ የሚያስተካክለው እጅ የባለሙያው ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዕቃው ከግድግዳ ይሰቀላል።

እንግዲህ እናት ምን ምን ትይ?

በመጀመሪያ ቆዳውን። የእግር ድጋፉ ማታ ሲወልቅ ቆዳው ላይ ቀይ ምልክት ቢታይ ሁልጊዜ አያስደነግጥም። ነገር ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ካልጠፋ፣ ወይም ቆዳው ከተላጠና ውሃ ከቋጠረ፣ ድጋፉ እየጫነው ነውና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ጨርቅ እየጠቀጠቁ ማስለበስ ወይም ፕላስቲኩን በቤት ውስጥ በጋለ ቢላዋ መቁረጥ አይገባም። ልጁ እግሩ የማይሰማው ከሆነ ደግሞ «አመመኝ» ስለማይል፣ ምርመራው በየማታው መደረግ አለበት።

ሁለተኛ ልኩን። ድጋፉ የጉልበት ማጠፊያ ካለው፣ ማጠፊያው ከልጁ ጉልበት ጋር ትክክል መሆን ይኖርበታል። ልጁ ሲረዝም ማጠፊያው ከጉልበቱ በታች ይቀራል። የእግሩ ጣቶች ከመርገጫው ጫፍ አልፈው ከወጡም ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሰው ሠራሽ እግር ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ፣ የአዋቂ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ እንዳለበት ይመከራል። ስለዚህ ዕቃውን ስትረከቡ «መልሼ የማመጣው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም ልጁ የክትባት ካርድ ላይ እንደሚጻፈው አድርጋችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሦስተኛ ክራንቹን። የክራንች ጫፍ ብብት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከብብት በታች ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይተዋል። የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በእጅ መዳፍ ላይ ነው። በብብት የሚንጠለጠል ልጅ ወደ እጁ የሚወርደው ነርቭ ተጎድቶ እጁ ሊደነዝዝ ይችላል። ከሥሩ ያለው የጎማ ጫማ ተበልቶ ካለቀም በዝናብ ቀን በኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታልና ይለወጥ።

አራተኛ ተሽከርካሪ ወንበሩን። «ሲያድግ ይሞላዋል» ተብሎ ሰፊ ወንበር ለትንሽ ልጅ መስጠት ልብስን አስፍቶ እንደ መግዛት አይደለም። ሰፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ወደ አንድ ጎን እየተዘመመ ጀርባው ይጎብጣል፤ እጁም መንኮራኩሩን አይደርስበትም። እግሩ ከመርገጫው ላይ ማረፍ አለበት፤ በወንበሩ ጠርዝና በጉልበቱ እጥፋት መካከልም ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ከሥሩ ፍራሽ ሳይኖር ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ቁስል ያመጣል፤ በመሆኑም ልጁ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ፊት እንዲያጎነብስ ወይም በእጁ ተደግፎ ከመቀመጫው ከፍ እንዲል ልናስለምደው ይገባል።

ማዳመጫ የሚያደርጉ ልጆች እናቶችም ይህ ይመለከታቸዋል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ከጆሮው ቅርጽ ጋር ተለክቶ የሚሠራ ስለሆነ ልጁ ሲያድግ ይላላል፤ ሲላላም ይጮኻል፤ ልጁም አውልቆ ይጥለዋል። መፍትሔው እንደገና ማስለካት እንጂ «አልፈለገም» ብሎ መተው አይደለም።

እርዳታን በልክ የመቀነስ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው እግሩ ቆልማማ ሆኖ በተወለደ ሕፃን ሕክምና ላይ ነው። ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት ዘዴ ዛሬ በአገራችንም ይሠራበታል። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ በእጅ በዝግታ እየተቃና ጄሶ ይደረግለታል፤ ጄሶው በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጄሶ ይበቃል። ከዚያም ለብዙዎቹ በተረከዝ ጅማት ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ቀጥሎ ሁለት ጫማ በአንድ ዘንግ የተያያዘበት ድጋፍ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሲተኛ ብቻ እስከ አራት ዓመት ዕድሜው ይቀጥላል። እግሩ ተቃንቶ ሲታይ «ድኗል» ብሎ ድጋፉን ቀድሞ መተው እግሩ እንደገና ለመቆልመሙ ዋናው ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ልጆችን ከሚያክሙት አንዱ ነው። በአምቦና በአካባቢዋ የምትወልድ እናት የሕፃኗ እግር ቆልመም ብሎ ካየች ወደ ወጌሻ ከመሄድና ከመደበቅ ይልቅ በዚያው ሳምንት ለአዋላጇ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንገር፤ በአምቦ ያሉት ሆስፒታሎችም ወደሚመለከተው ክፍል ሊመሯት ይችላሉ።

እስካሁን ያነሣነው አብዛኛው ስለ ልጆች ነው። ልጅ ግን አድጎ ሠራተኛ ይሆናል፤ ሠራተኛም በመካከሉ ጉዳት ይደርስበታል። በዚህ ጊዜ መስማማት ያለበት የሥራ መሣሪያው ነው። ለምሳሌ የልብስ ስፌትን እንውሰድ። በየገበያው የምናየው ሲንጀር በእግር ይረገጣል፤ እግሯ የማይታዘዝላት ሴት ስፌት አትችልም ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን በጎኑ ያለው መንኮራኩር ላይ የእጅ ማዞሪያ ሊገጠምለት ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም መርገጫው ከመሬት ተነሥቶ በጉልበት ወይም በክርን የሚጫን ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ሙያው በእጇና በዓይኗ ነው፤ የተለወጠው የመቆጣጠሪያው ቦታ ብቻ ነው።

በአውቶሞቢልም ላይ ፍሬኑና ነዳጁ በእጅ እንዲታዘዙ የሚያደርግ መሣሪያ ይገጠማል። በአምቦ ጎዳና የሚመላለሰውን ባጃጅ ብናይ ነዳጁ፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በእጅ ናቸው፤ በእግር የሚረገጠው ፍሬኑ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ግን የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ በሠለጠነ መካኒክና በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ብቻ የሚደረግ ነው። የእጅ ስልክም ቢሆን በውስጡ ለዓይነ ስውር ጽሑፉን የሚያነብ፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ ለማይችልም በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚታዘዝበት ዘዴ አለው። በቤትም እንዲሁ ነው። የማንኪያውን እጀታ በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልሎ ማወፈር፣ ክብ የበር እጀታን ወደ ታች በሚጫን እጀታ መለወጥ፣ የምድጃውን ከፍታ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ዝቅ ማድረግ ከአንድ አናጺ የግማሽ ቀን ሥራ አያልፍም።

አሠሪዎችም ይህን እንደ ችሮታ እንዳያዩት ሕግ አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል፤ ይህም የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱንና አካባቢውን ማስማማትን ይጨምራል። ሴት አካል ጉዳተኞች በጾታቸውና በጉዳታቸው ያለባቸው ድርብ ጫና ከግምት እንዲገባም ይኸው አዋጅ ይጠይቃል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። እነዚህን ሕጎች የሠራተኛ ማኅበራት በየመሥሪያ ቤታቸው ሊያነሡአቸው ይገባል።

በመጨረሻ ከሁሉ የከበደውን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። «በስድስት ወር ተመለሱ» ማለት ቀላል ነው። የተባለችው እናት ግን የቀን ሠራተኛ ወይም የጉልት ነጋዴ ልትሆን ትችላለች። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከባኮና ከጌዶ ለምትመጣው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። አንድ የክትትል ቀን ማለት የትራንስፖርት ሂሳብ፣ የጠፋ የቀን ገቢና ለጎረቤት አደራ የተሰጡ ሌሎች ልጆች ማለት ነው። ብዙው ድጋፍ ከግድግዳ የሚሰቀለው በእናት ቸልተኝነት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሸክሙ በእሷ ብቻ መቅረት የለበትም። እድሮቻችን ለቀብር እንደሚያዋጡ ሁሉ ለአንድ ሕፃን የዓመት ሁለት ጉዞ ማዋጣት አያቅታቸውም። አባትም የክትትሉን ቀን የእናት ሥራ ብቻ አድርጎ አይቁጠረው፤ አንዱን ጊዜ እሱ ይዞት ይሂድ። የጤና ቢሮዎችም ልኬትና ጥገና የሚያደርግ ባለሙያ በቀጠሮ እስከ አምቦ፣ እስከ ጌዶና እስከ ባኮ የሚመጣበትን መንገድ ቢያስቡበት፣ አንድ ሰው በመኪና መጥቶ መቶ እናቶችን ከመንገድ ያድናል።

እስከዚያው በቤታችን ልንሠራው የምንችለው አለ። የተሰቀለ ድጋፍ ያለበት ቤት ያላችሁ እናቶች፣ ዛሬ ማታ አውርዳችሁ ከልጁ እግር አጠገብ አስተያዩት። የስንት ጣት ልዩነት እንዳለ ልብ በሉ፤ የሚያምበትን ቦታ ልጁ ራሱ በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ወደ ባለሙያው ስትሄዱ ልጁንም ድጋፉንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያያችሁትንም ንገሩት። ባለሙያው ለማስተካከል የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መለኪያ ያ የእናንተ ቃል ነው።